«ጤዛ»ን ከወላጅ ጋር ማየት

ልጆች የወደዱትን ፊልም ለወላጆቻቸው ለማሳየት መሻታቸው መልካም ነው። የወደዱትን ነገር ከሚወዱት ሰው ጋር መካፈል የፍቅር ባሕርይ ነውና። ሆኖም ለልጁ የኪነ ጥበብ ሥራ የሆነው ለእናቱ የገዛ ሕይወቷ ሊሆን ይችላል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ምሳሌ አድርገን ይህን እንመልከት።

ስለ ፊልሙ

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ በጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው መንደሩ፣ ወደ አረጋዊት እናቱ ይመለሳል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1990፣ ደርግ ሊወድቅ የተቃረበበት ነው። ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ይደበቃሉ። ታሪኩ በቅደም ተከተል አይተረክም፤ የአንበርብር ትዝታ ተቆራርጦ ሲመለስ ተመልካቹም ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል።

ሁለት ዓይነት ክብደት

ለልጁ ፊልሙን የሚያከብደው ይህ አተራረክ ነው። ለወላጅ ግን የሚከብደው ትዝታው ነው። ቀይ ሽብር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በበረታ ጊዜ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን አጥተዋል፤ በይፋ እንዳያለቅሱ የተከለከሉ፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ዛሬ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋት እናት ያን ጊዜ ወጣት ነበረች። በፊልሙ ውስጥ የደረሰበትን ለእናቱ መናገር ያቃተው ልጅ ነው። በብዙ ቤት ግን ዝም ያለችው እናት ናት፤ ልጅም ጠይቆ አያውቅም።

ምን እናድርግ?

1ኛ. አስቀድሞ መንገር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የመገናኛ ብዙኃን ሰነድ ወላጆች ወደ ቤታቸው የሚገባውን ትርኢት እንዲጠብቁ አሳስቧል። ዛሬ ፊልሙን መርጦ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ነውና ጥበቃውም የእርሱ ድርሻ ሆኗል። ግድያና ድብደባ እንዳለበት ይንገር፤ ወላጅ አይቶ ሳይሆን አውቆ ይምረጥ።

2ኛ. በቋንቋ መርዳት። በፊልሙ ከአማርኛ ሌላ ጀርመንኛና እንግሊዝኛም ይነገራል። በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ በአጭሩ ይተርጉም፤ ትንታኔውን ለራሱ ያቆይ።

3ኛ. ለማቋረጥ ነፃነት መስጠት። ፊልሙ 140 ደቂቃ ነው፤ ለሁለት ምሽት ሊከፈል ይችላል። እናት በመካከል «ቡና ላፍላ» ብላ ብትነሣ «ዋናው ቦታ ሊያልፍሽ ነው» ተብላ አትጠራ። መነሣቷም ራሱ ንግግር ነው።

4ኛ. ዳኛ ሆኖ አለመቀመጥ። አባት ልጁ ከሚገምተው በተለየ ወገን፣ ከአብዮት ጥበቃ ጋር ቆሞ የነበረ ሊሆን ይችላል። ወይም ሲፈራ ዝም ያለ ጎረቤት ነበር። አባትንና እናትን ማክበር እውነትን መሸፈን አይደለም፤ እውነቱ ሲወጣ ሳይቸኩሉ ማድመጥ ነው። ጌታችን በኤማሁስ መንገድ ያዘኑትን ሁለት ደቀ መዛሙርት ባገኘ ጊዜ፣ ሁሉን እያወቀ፣ አስቀድሞ ጠየቃቸው፤ እስኪጨርሱም አዳመጣቸው (ሉቃ. 24)።

5ኛ. ፊልሙን ከራስ ጋር አለማዛመድ። ወላጅ ፊልሙን ባይወደው ልጁን ጠላ ማለት አይደለም። «ወደድከው?» ከማለት «ያን ጊዜ እናንተ የት ነበራችሁ?» ብሎ በለሆሳስ መጠየቅ ይሻላል፤ መልስ ባይገኝም ጥያቄው በሩን ክፍት አድርጎ ይተወዋል።

እንግዲህ ፊልሙን ማሳየት ወላጅን የራሳችንን ፍቅር እንዲጋራ ማስገደድ አይደለም። ለዓመታት ያልተነገረ ታሪክ የሚነገርበትን ጊዜና ቦታ ማዘጋጀት ነው። ታሪኩ በዚያ ምሽት ባይነገርም፣ ልጅ ለመስማት ዝግጁ መሆኑን ወላጅ ካወቀ ምሽቱ በከንቱ አላለፈም።

ለቡድን ውይይት

ሀ) በቤታችን ሳይነገር የቀረ ዘመን አለን? ያልተነገረውስ ስለ ምንድን ነው?
ለ) ወላጅ «ይህን አልናገርም» ቢል መብቱን እንዴት እናክብር?
ሐ) የሰማነው ነገር ስለ አባታችን ያለንን አሳብ ቢለውጠው ምን እናደርጋለን?