ከመንዳታችሁ በፊት፦ ስለ ሳይክል ትናንሽ ብሎኖች ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ሳይክል ለሚነዳ ሁሉ፣ በተለይም ኮብልስቶን በተነጠፈባቸው የሰፈር መንገዶች ለሚመላለሱ፣ ለልጆች ሳይክል በሰዓት ለሚያከራዩና ለጠጋኞች ነው። ኮብልስቶን ከጭቃ ገላግሎናል፤ ሳይክልን ግን ያንቀጠቅጣል። የላላ ብሎን የነጂው ራስ ምታት ብቻ ቢሆን ዝም ማለት ይቻል ነበር። ባሕር ዳርን በመሰለ፣ እግረኛ፣ ባጃጅና ሳይክል በሚጋፉበት ከተማ ግን ፍሬኑ እምቢ ያለ ሳይክል ሄዶ የሚያርፈው መንገድ የሚሻገር ሰው ላይ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታረም። ብሎን የሚላላው በደንብ ስላልጠበቀ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው ጥናት፣ የታሰሩት ዕቃዎች ወደ ጎን ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ሲነዝሩ የጠበቀ ብሎን እንኳ ራሱን በራሱ እንደሚፈታ አሳይቷል። የማስተካከያ ብሎን ደግሞ ጭራሹን እንዲጠብቅ አልተሠራም፤ ሥራው በተቀመጠበት ልክ ላይ መቆየት ነው። ጉልበት አያቆመውም። ጥርሱን ማስያዝ ነው የሚሻለው።

• የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ኤች እና ኤል ተብለው የተለዩትን ሁለት ትናንሽ ብሎኖች እወቋቸው። ካቴናው ከዳር እንዳያልፍ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። ኤል የተባለው እየተፈታ ከወጣ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ስታቀሉ ካቴናው ትልቁን ጥርስ ዘሎ ከጎማው ሽቦዎች መሐል ይገባል፤ የኋላው እግር ባለበት ይቆለፋል።

• በፍሬኑ ክንዶች ጎን ያሉትንም አትርሱ። የሞላውን ኃይል የሚያመጣጥኑ ናቸው። አንዱ ሲላላ የዚያ ወገን ሸራ ከቸርኬው አልላቀቅ ይላል።

• ብሎን የሚያስይዝ ፈሳሽ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስትገዙ ቀለሙን ጠይቁ። ለትናንሽ ብሎኖች ሐምራዊው ይበቃል፤ ከጠፋ ሰማያዊው። ቀዩን አትንኩ! እሱን ለማላቀቅ በእሳት ማጋል ያስፈልጋል፤ የትንሽ ብሎን ራስ ደግሞ ከዚያ በፊት ይላጣል።

• አቀባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብሎኑን በትክክለኛ ልኩ አስተካክሉ። ከዚያ ስትፈቱት ካቻቢቴው ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠሩ፤ ግማሽና ሩብ ዙርም ይቆጠራል። ጥርሱን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል አጽዱት። ላምባ ቅባት ስለሚተው አይሆንም። አንዲት ጠብታ አድርጉበትና በቆጠራችሁት ልክ መልሱት። ፈሳሹ የሚደርቀው አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ስለሆነ በደንብ እስኪይዝ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሳይክሉን አሳርፉት። ማሳረፉን ደንበኛም ጠጋኝም አይወደውም፤ ግን ሌላ መንገድ የለም።

• ብሎኑ የገባው ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ይህን ፈሳሽ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቀጭን ነጭ ቴፕ ጥርሱ ላይ አንድ ዙር መጠቅለል ይበቃል።

• ሱፐር ግሉ አታድርጉ። የጥፍር ቀለም ግን፣ ሌላ ከሌለ፣ በብሎኑ ራስና በብረቱ መገናኛ ላይ ጠብ ቢል ለጊዜው ያግዛል፤ ከተሰነጠቀም ብሎኑ መዞሩን ያሳብቃል።

• የሚንጫረር ነገር ላይ ሁሉ ዘይት አታፍስሱ። ዘይት ልል ብሎንን የበለጠ ያንሸራትተዋል፤ ቸርኬው ላይ ከደረሰ ደግሞ ፍሬን የለም ማለት ነው።

• በፍሬኑ እጀታ ላይ ገመዱን የሚወጥረው በጣት የሚዞር ማስተካከያ አለ፤ ከሥሩ ቀጭን ቀለበት ታገኛላችሁ። ማስተካከያውን አዙራችሁ ስትጨርሱ ቀለበቱን ከእጀታው ጋር እስኪገጥም መልሳችሁ አጥብቁት፤ በንዝረት እንዳይዞር የሚይዘው እሱ ነው። ብዙዎቹ እጀታዎች ላይ ገመዱ የሚገባበት ስንጥቅ በማስተካከያውም፣ በቀለበቱም፣ በእጀታውም ላይ አለ። ሦስቱ ስንጥቆች በአንድ መስመር እንዲቆሙ ፈጽሞ አትተዉአቸው፤ ገመዱ በዚያው ሹልክ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ማስተካከያውንም በጥቂት ጥርስ ብቻ እስኪንጠለጠል አውጥታችሁ አትንዱ።

• ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ በጣት ብቻ ከዞረ ናይለኑ አልቋልና ቀይሩት። ለፓራፋንጎና ለዕቃ መጫኛ ከዚህ የተሻለ ዳዶ የለም። የተሰነጠቀው ሮንደላ በጎን ንዝረት ላይ እምብዛም እንደማይረዳ የዩንከርን በመሰሉ ሙከራዎች ስለታየ በእሱ አትተማመኑ።

• አከራዮች፦ ብሎኑንና የተቀመጠበትን ብረት በአንድ ቀጭን የቀለም መስመር አያይዛችሁ አስምሩ። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ዞሯል። ሳይክሉ ተመልሶ በመጣ ቁጥርም ከመሬት ትንሽ አንስታችሁ በጎማው እንዲያርፍ ልቀቁት። የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ እየዳሰሳችሁ ፈልጉት፤ ምንነቱ እስኪገኝ ድረስ ለሚቀጥለው ልጅ አትስጡ።