ከባድ ማርሽ አልገባም ሲል

እንደ ላንድክሩዘር 70 ባለ መኪና፣ ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ ሌላ ዘንግ አለ። ኤል 4 ላይ ሲውል ጎማው በዝግታ፣ ነገር ግን በብዙ ጉልበት ይዞራል። ዘንጉ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ይታገለዋል፤ እኔ ግን በቅደም ተከተል መመርመርን እመርጣለሁ።

አንደኛ፤ መኪናው ሜዳ ላይ ፈጽሞ ይቁም፤ ፍሪሲዮን ይረገጥ፤ ዋናው ማርሽ ዜሮ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ጥርስ ከጥርስ ተፋጥጦ እንደ ሆነ፣ መኪናው ጥቂት ተንቀሳቅሶ ይቁምና እንደ ገና ይሞከር።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በድንጋይ ታግዶ ከሥር ይታይ፤ ጭቃ ዘንጉን ይዞት ወይም ማያያዣው ላልቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ መካኒክ ይየው።

ቁልቁለት ላይ ግን ከቶ አይሞከር። ዘንጉ መካከል ላይ ከቀረ ሞተሩ ጎማውን መያዝ ያቆማል፤ መኪናውም ይንከባለላል። ስለዚህ ከባድ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።