አረጋዊት እናትን በዊልቸር ይዞ ዲዝኒ ወርልድን ስለ መጎብኘት

ከአገር ቤት ሊጠይቋቸው የመጡትን እናታቸውን፣ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ላይ፣ በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ ለመውሰድ የሚያስቡ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። እናቲቱ በዕድሜ ብዛት ጉልበታቸው ዝሎ በዊልቸር የሚሄዱ በሆኑ ጊዜ ግን በጎ ፈቃድ ብቻውን ስለማይበቃ፣ የመሰናዶውን ሥርዓት ከዚህ በታች በየተራው እንጽፋለን።

አስቀድሞ፣ ትኬት ሳይገዛ፣ እናቲቱ ራሳቸው ይጠየቁ፤ መሄዱን ይወዱ እንደሆነ፣ ከዚያም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በሰው ክንድ ተደግፈውም ቢሆን፣ ወደ ሌላ መቀመጫ መሻገር ይችሉ እንደሆነ። የቀኑ ዕቅድ ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የፓርኩ ሠራተኞች ጎብኚን አንሥተው እንዲያዛውሩ ስለማይፈቀድላቸው፣ የማንሣቱ ሥራ የሚወድቀው አብሮ በሄደው ቤተ ሰብ ላይ ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ፣ የዊልቸሩን ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ከወንበሩ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋው ወደ ወንበሩ መለማመድ ይገባል።

ቀጥሎ የወቅትና የስፍራ ምርጫ ነው። በጁላይና በኦገስት ሙቀቱ የበረታ፣ የከሰዓት በኋላው ነጎድጓዳማ ዝናብም የተለመደ ስለሆነ፣ ለአረጋዊ ሰው የጃንዋሪ መጨረሻ ይመረጣል። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች መካከል በ1982 የተከፈተው ኤፕኮት ሰፊና ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ የ11 አገሮች አዳራሾች የቆሙበት የሐይቁ ዙሪያ መንገድ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ የገፊውን ክንድ ያደክማል። ከወንበራቸው ፈጽሞ መነሣት ለማይችሉ እናት በእኔ አስተያየት የሚበልጠው በ1998 የተከፈተው አኒማል ኪንግደም ነው፤ መሬቱ አልፎ አልፎ ሸካራ ቢሆንም፣ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ በተባለው መኪና ከነዊልቸራቸው ገብተው ዝሆኑን፣ ቀጭኔውንና አንበሳውን በሕይወቱ ያያሉና። በ1971 በተከፈተው በማጂክ ኪንግደምም «ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» የተባለው የጀልባ ጉዞ እንዲሁ ዊልቸሩን እንዳለ ይቀበላል። በኤሌክትሪክ ስኩተር የሚሄዱ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ተራ ዊልቸር መዛወር አለባቸው።

ወንበሩን በተመለከተ፣ የራሳቸውን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ አየር መንገዶች የአካል ጉዳተኛን ዊልቸር ያለ ጭነት ክፍያ ያጓጉዛሉና። በፓርኩ በር የሚከራየው ቀድሞ ለመጣ የሚሰጥና ከፓርኩ የማይወጣ ነው። ወፍራም ትራስም አይረሳ፤ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ካላለ ገላው ሊቆስል ይችላል።

ወደ ማጂክ ኪንግደም ከመኪና ማቆሚያው የሚደረሰው በሞኖሬል ባቡር ወይም በመርከብ ሲሆን፣ የባቡሩ መሳፈሪያ ዳገት ስላለው ገፊው ጉልበተኛ ካልሆነ መርከቡን ይምረጥ። ቁልቁለት ባጋጠመ ጊዜ ገፊው ከታች በኩል ሆኖ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ የወንበሩን ክብደት በአካሉ እየተቀበለ ይውረድ፤ ፊት ለፊት የተለቀቀ ወንበር ተቀማጩን ይደፋልና። የእናቲቱ ነጠላ ጥለትም ከመንኰራኩሩ እንዳይጠመጠም ጫፉ ተሰብስቦ ከጭናቸው ሥር ይያዝ። ይህ ለሌላው ጎብኚ የማይጻፍ፣ ለእኛ ግን ዋና ምክር ነው።

ዊልቸር የያዘ ሁሉ ሰልፍ ያልፋል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም። አብዛኛው የሰልፍ መንገድ ዊልቸር እንዲያሳልፍ ሆኖ ስለተሠራ ከሰው እኩል ተራ ይጠበቃል፤ መንገዱ በጠበበበት ቦታ ሠራተኛው የመመለሻ ሰዓት ይሰጣል። ሠራተኛው እናቲቱን ትቶ ገፊውን «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ልጅየው ጎንበስ ብሎ ቃሉን ለእናቱ አስተርጉሞ መልሱን ከእርሳቸው ይቀበል እንጂ በራሳቸው ላይ አሻግሮ አይመልስ።

የምግብና የመድኃኒት ነገር ሰፋ ያለ ማስተዋል ይፈልጋል። በጠርሙስ ካልሆነ በቀር የራስን ምግብ ይዞ መግባት የተፈቀደ ስለሆነ፣ ረቡዕና ዓርብን ለሚጾሙ እናት ቆሎውና የጾም ምግቡ ከቤት ይዘጋጅ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የመቆየት ልማድ ካላቸው ግን በዚያ ፀሐይ ላይ አደገኛ ነው፤ የስኳር ሕመም ካለባቸው ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ የነፍስ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ፣ ወይም ጉብኝቱ የፍስክ ቀን ይሁን። በየፓርኩ ያለው የመጀመሪያ ርዳታ ክፍል ኢንሱሊንን በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል፤ ጋደም የሚባልበት አልጋም አለው። ወንድ ልጅ እናቱን ወደ መጸዳጃ ቤት ማድረስ ሲኖርበት፣ ለሁለት ሰው ተብሎ ለብቻው የተሠራ ክፍል ስላለ፣ ገና ሲገቡ ቦታውን በካርታው ላይ መለየት ከኋላ እፍረት ያድናል።

ማታ ርችት ሳይተኰስ መውጣት ይገባል፤ ርችቱ እንዳበቃ ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ስለሚጐርፍ፣ ዊልቸር ለሚገፋ ሰው ከቀኑ ሁሉ የከፋው ሰዓት ያ ነው።