እድፉ ሳይደርቅ ተነሱ!

ለእንግዳ ብቻ የሚጸዳ ቤት ባለቤቱን ይበድላል። በዓል ሲቃረብ ምንጣፉ ይወጣል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ የሶፋው ልብስ ይገፈፋል። ሦስት ቀን ሁሉም ነገር ያበራል፤ ከዚያ እስከ ቀጣዩ በዓል ይረሳል። ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያ ምንጣፍ ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ! ልጆቻችሁ የሚድሁበትም እሱው ነው። ንጽሕናው መጀመሪያ የሚገባው ለእናንተ ነው፤ ደግሞም ትችሉታላችሁ። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ። ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አውጡት፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አጥር ወይም ጠንካራ ገመድ ላይ ስቀሉት፣ ከጀርባው ደህና አድርጋችሁ ምቱት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ግቢው ውስጥ አንድ ቦታ ምረጡ። ምንጣፍን ቶሎ የሚጨርሰው ከላይ የምናየው አቧራ አይደለም፤ ሥሩ የተቀመጠው ደቃቅ አሸዋ ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ክሩን ከሥሩ ይከረክረዋል። ሳይራገፍ ውኃ ከነካው ደግሞ ጭቃ ሆኖ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ደረቁን አራግፉ፣ ውኃው ኋላ ይመጣል።

ትልቁ አቅማችሁ ያለው ግን አንድ ነገር በፈሰሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ አንዱ ሲኒ ተገለበጠ እንበል። «ተዉት፣ ነገ ይታጠባል» የሚለውን ይሉኝታ አትስሙት! ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንሡና ከዳር ወደ መሀል እየተጫናችሁ አስመጥጡት። አታሹት፤ መፈተግ እድፉን ያሰፋዋል፣ ክሩንም ያሻክረዋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ተጫኑት፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። የቡናው ቀለም አልለቅ ካለ ሁለት ኩባያ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ይጨመር። ከሁሉ በፊት ግን የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት፣ ቀለሙ እንዳይለቅባችሁ።

የዶሮ ወጥ ጠብታ ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። የበርበሬው ቅላት በዘይቱ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚገኝ ውኃ ብቻውን አይነካውም። በማንኪያ ጫፍ አንሡት፣ ደረቅ ዱቄት ነስንሱበትና ዘይቱን እስኪመጥ ተዉት፤ ከጠረጋችሁት በኋላ በላርጎ እጠቡት። ነጭ ጋቢ ላይ የሚቀረውን ቢጫ ጥላ ፀሐይ ታደበዝዘዋለች፤ በነጻ የተሰጠችን ሠራተኛ ናት፣ አሠሯት! ወተት፣ እንቁላልና ደም ግን ሙቅ ውኃ እንዳይነካቸው፤ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ረግተው ክሩ ላይ ይቀራሉ። የሻማ ጠብታ በበረዶ ሲደርቅ ተፈርፍሮ ይነሣል። በምንጣፍ ላይ ካውያ ለመጠቀም አትቸኩሉ፤ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ምንጣፎች የፕላስቲክ ክር ስለሆኑ ይቀልጣሉ። ቄጠማም ከምንጣፉ ራቅ ብሎ ይጎዝጎዝ፤ እርጥብ ሆኖ ሲረገጥ አረንጓዴው ይያያዛል።

ልብስ ማጠብን እንደ ተራ ሥራ የምታዩ ካላችሁ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ያያሉ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። ለዘመናት እናቶቻችን ሸማ ያነጹበት አረፋ የበሽታ መከላከያ ምርምር መነሻ ሆነ፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሳፋው አጠገብ ቆም ብሎ በትኩረት የሚመለከት ሰው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ እዩ! ያ ትኩረት በእናንተም እጅ ነው።

ትኩረት ማለት ጨርቁን ማወቅ ነው። የጥጡ ጋቢ ብርቱ ነው፤ ጥለቱ ግን ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። የመንዝ ባናና ማንኛውም የሱፍ ጨርቅ በረኪና እንዳያገኘው፤ በረኪና ሱፍን በልቶ ያሟሟዋል። ሱፍ በለብታ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይደርቃል። ሳጥን ውስጥ የሚከርመውን አልፎ አልፎ አውጥታችሁ አናፍሱት፣ ቦርሹት፤ ሱፉን የሚበላው የሚበረው ብል ሳይሆን እጩ ነውና። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ በረኪናንና አቼቶን በአንድ ባልዲ በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

የታጠበ ምንጣፍ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እስከ ሥሩ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ይሻግታል። በክረምት ማራገፉና እድፍ ማንሣቱ ይበቃል፤ ትልቁ እጥበት የጥቅምትን ፀሐይ ይጠብቅ።

ይህ ሁሉ በዝቶባችሁ ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ከአልጋው ጀምሩ። በተለይ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ የትራስ ልብሱንና አንሶላውን በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ውኃ እጠቡ፤ ዓይን የማያያቸው የአቧራ ተባዮች የሚሞቱት በዚያ ሙቀት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ካልጨረስኩ አትበሉ፤ ዛሬ የትራስ ልብሱ ይታጠብ፣ መጋረጃው ይቆያል።