እንጀራውን ቀነስክ? አሰሩን መልስ!

እንጀራ ቀነስክ። ዳቦና ፓስታ ተውክ። ስኳሩም ከሻይህ ወጣ። ጎበዝ!

ሆድህስ? ደረቀብህ? ከበደህ?

ዳይቱን አትተው። የጎደለውን መልስ!

የጎደለህ አሰር ነው፤ ፋይበር የምንለው። እህሉን ስትቀንስ ሳታስበው አብሮ ወጣ። አሰር ራሱ የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው፤ ትንሹ አንጀት ግን አይፈጨውም። እንደ ስታርች ወደ ስኳር አይለወጥም። ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፣ ድርቀትን ይከላከላል፣ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይመግባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል። ሎው ካርብ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት የሚቀንስ ዳይት፣ ስለጀመርክ ይህ ቁጥር አይቀንስልህም!

ከየት ላምጣው ነው የምትለው? የካርቱምን ገበታ ተመልከት።

ካርቱም የኖርክ ሐበሻ ታውቀዋለህ። ኪስራ የተባለው ስስ ቂጣ ከማሽላ ነው፤ ስታርቹ ያለው እሱ ላይ ነው። ከኪስራው ጋር የሚቀርበውስ? ባሚያ። የሙሉኪያ ቅጠል። የሪጅላ ቅጠል። በለውዝ ቅቤ የታሸ የደበርጃን ሰላጣ። እነዚህ ሁሉ አሰር አላቸው፤ ስታርቻቸው ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ኪስራውን ቀንስ፣ ሙላሁን፣ ማለትም ወጡን ጨምር! ማባያ የነበረውን ዋና ምግብ አድርገው።

የጠዋቱ ፉልስ? 100 ግራም የበሰለ ባቄላ 5 ግራም ያህል አሰር ይሰጥሃል። ስታርችም ስላለው በመጠን ብላው። ግማሽ አቮካዶ ጨምርበት፤ ሌላ 6 ግራም ገደማ አገኘህ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ደግሞ 4 ግራም ያህል ያክልልሃል።

አየህ? ይቻላል!

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ከካርቱም በትኗል። የወጥ ቤቱ ሙያ ግን ከባለሙያው ጋር አብሮ ተጉዟል። አዲስ አበባም ሁን ካይሮ፣ ያን እጅ ዛሬ ለጤናህ አሠራው።

አሰርን ያጠናው አየርላንዳዊ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት ዑጋንዳ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ አሰር በብዛት የሚበሉ የአፍሪካ ገጠር ሰዎች ምግብ ከአንጀታቸው የሚወጣው ከእንግሊዞች በጣም ፈጥኖ እንደሆነ አሳዩ። ዓለም ከእኛ አህጉር ገበታ ተማረ። አንተስ የራስህን ገበታ ለምን ትተዋለህ?

ግን አትቸኩል። በአንድ ቀን 25 ግራም ላይ ልዝለል ካልክ ሆድህ ይነፋል። በየጥቂት ቀኑ አንድ ነገር ጨምር። ውሃ በደንብ ጠጣ፤ አሰር ያለ ውሃ ድርቀቱን ሊያባብስ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ካርቦሃይድሬት ከመቀነስህ በፊት ሐኪምህን አማክር።

ልማድ በአንድ ምሳ ይጀመራል። ዛሬ ገበያ ውጣ። ባሚያ፣ ጎመን፣ ደበርጃን ግዛ። የሳህንህን ግማሽ በአትክልት ሙላ። ነገም ድገመው።

ወስን፣ ጀምር፣ አታቋርጥ!