አራስ ሕፃን በጀርም ሲታመም፤ ስለ መርፌ መድኃኒትና ስለ ቤት ንጽሕና



በዘመሮና በዙሪያዋ ስንዘዋወር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ልመና «ክኒኑ ይቅርብኝ፤ መርፌ ውጋኝ» የሚል ነው። ሕዝቡ የመርፌን ብርታት በዓይኑ ስላየ ይወደዋል። ነገር ግን ብርቱ ነገር ሁሉ አያያዝ ይፈልጋል። እሳት በምድጃው ሲሆን ቤት ያሞቃል፤ ከምድጃው ሲወጣ ቤት ያቃጥላል። መርፌም እንዲሁ ነው።

፩ኛ፤ ሁለት መድኃኒት ለምን ይታዘዛል?

ጀርም በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በእጅ እድፍና በእትብት ቁስል በኩል ወደ አራሱ ደም ይገባል። የአራስ ሰውነት ገና ስላልጠና በሽታው በጥቂት ሰዓት ሊበረታ ይችላል። የትኛው ጀርም እንደ ገባ ወዲያው ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል ሐኪም ሁለት መድኃኒት ያጣምራል። በሆስፒታል ብዙ ጊዜ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው። አምፒሲሊን የጀርሙን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ጄንታማይሲን ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ያስቆመዋል። እንደ ጥማድ በሬ ይረዳዳሉ። ሆኖም በአንድ ስሪንጅ አይደባለቁም፤ ከተደባለቁ ኃይላቸው ይደክማል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሆስፒታል መድረስ ላልተቻለው አራስ በቀበሌው እንዲታከም ሥራው ተዘረጋ። ጄንታማይሲን በቀን አንድ ጊዜ በጭኑ ይወጋል፤ አሞክሲሲሊን በአፉ ይሰጠዋል፤ ይኸም ሰባት ቀን ይቆያል።

፪ኛ፤ ያየነው ነገር

ባንድ ክረምት የዘጠኝ ቀን አራስ ጡት እንቢ አለ። አያቲቱ «ክርስትና ሳይነሣማ ከደጅ አይወጣም» አሉ። «እማማ፥ ግድ የለም፤ መድኃኒቱ እቤት ይመጣል» አልናቸው፤ መርፌው ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ጠባ። በአራተኛው ቀን ቤተ ሰቡ «ድኗል እኮ፤ ጭኑን ለምን ትበሱታላችሁ?» ብለው ባለሙያዋን መለሷት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ልጁ እንደ ገና ዝሎ ተገኘ፤ አባቱ በበርኖሱ ሸፍኖ በጭቃው መንገድ ወደ ሆስፒታል ሮጠ። ልጁ ተረፈ፤ ግን ለጥቂት ነው።

ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። እኛም «ሰባት ቀን» አልን እንጂ ምክንያቱን አልነገርናቸውም። ምክንያቱ ይኸ ነው፤ አረም ላይ ላዩን ቢያጭዱት ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል። መድኃኒት በመካከል ሲቋረጥ የተረፈው ጀርም እንደ ገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል።

፫ኛ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ የምትጠሩን መቼ ነው?

ሕፃኑ ጡት እንቢ ሲል፤ ሲያንቀጠቅጠው፤ ካልነኩት በቀር አልንቀሳቀስ ሲል፤ ሲያተኩስ ወይም ሲቀዘቅዝ፤ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፤ እትብቱ ሲቀላ ወይም መግል ሲይዝ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቃችሁ በጋቢ ሸፍኑት፤ የመንዝ ብርድ አራስን ይጎዳል። ሊጠባ ከቻለ በመንገድም ይጥባ።

፬ኛ፤ የመርፌ ጥንቃቄ

ሀ) መርፌ የሚወጋ የተማረና የተፈቀደለት የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። ከገበያ የተገዛ መርፌ በጎረቤት እጅ አይወጋ።

ለ) ስሪንጁና መርፌው አዲስ ይሁን፤ ከነማሸጊያው በፊታችሁ ይከፈት። ሌላ ሰው የተወጋበት መርፌ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል። «ቀቅለነዋል» ቢሏችሁም አትቀበሉ።

ሐ) ሕፃኑ ይመዘን። ጄንታማይሲን ከልክ ሲያልፍ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል።

መ) ከዚህ በፊት በፔኒሲሊን ሰውነቱ ያበጠ፥ ሽፍ ያለበት ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይወጋ አስቀድሞ ይናገር። ከተወጋም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቆይ።

ሠ) ለበግና ለከብት የመጣ የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ድብልቅ ለሰው አይወጋም። መጠኑም አዘገጃጀቱም ለእንስሳ ነው።

ረ) ለተራ ጉንፋን እንዲህ ያለ መርፌ አትለምኑ። ጉንፋንን አያድንም።

፭ኛ፤ ከመርፌ በፊት ንጽሕና

ከሁሉ የሚሻለው ጀርሙ ሳይገባ መከልከል ነው። አራስ ከመያዛችሁ በፊት፥ ከሽንት ቤት መልስና እበት ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እትብት በአዲስ ምላጭ ይቆረጥ። ቅቤም እበትም አይቀባ፤ ባለሙያዋ የምትሰጣችሁ ክሎርሄክሲዲን ካለ እርሱን ቀቡ፤ ከሌለ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። እንጥል አታስቆርጡ። ልጁ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቅቤም አይቅመስ።

ይህን ወረቀት ማንበብ የሚችለው የቤቱ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእናቱና ለአያቱ ያንብብላቸው። አንብቦም ሲጨርስ እነዚህን ይጠይቃቸው፤ ልጁ መጥባት ሲጀምር መርፌው ለምን አይቆምም? መርፌው አዲስ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሌሊት ጡት እንቢ ቢል ማንን እንጠራለን? መልሱን ዛሬ ያወቀ ቤት በጭንቅ ሰዓት አይደናገርም።