የሩቁ ኮምፒዩተር አልከፍት ሲል፡- መጀመሪያ "የትኛው?" ብለን እንጠይቅ

እንደሚታወቀው ጋዜጠኛ ዘገባውን ከያዘ በኋላ የሚቀረው ትልቅ ፈተና በሰዓቱ ማድረስ ነው። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ድምፅ የቀረጸ ተማሪ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ታክሲ አግኝቶ ኮሌጅ ለመድረስ ይቸገራል። ቤቱ ቁጭ ብሎ በሪሞት ዴስክቶፕ የላቡን ኮምፒዩተር ከፍቶ ድምፁን ቢያርም ግን ይቀለዋል። እኔም የሰፈሩ ልጅ ስለሆንኩ በዚህ ዘዴ እጠቀማለሁ። ችግሩ አንዳንዴ "መገናኘት አልተቻለም" ይልና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ከየት እንጀምር? በአጭሩ ለማየት እሞክራለሁ።

አንድ ኮምፒዩተር በውስጡ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ሊይዝ ይችላል። ዋናውን "አስተናጋጅ"፣ በውስጡ የሚሠሩትን "እንግዶች" እንበላቸው። ዜና ስንሠራ "ማን?" ብለን እንደምንጀምረው ሁሉ እዚህም አልከፍት ያለው አስተናጋጁ ነው ወይስ እንግዳው ብለን እንጀምር። መልሱ የተለያየ ነውና።

አንደኛ፣ መብራት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲነሳ ካልተስተካከለ ጠፍቶ ይቀራል። አስተናጋጁ ቢነሳም እንግዶቹ አብረው ላይነሱ ይችላሉ። አድራሻውም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ከመድከም ላብ ውስጥ ላለ ሰው ደውሎ "በርቷል ወይ? አድራሻው ስንት ነው?" ማለት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መስመሩ። እዚያው ላብ ካለ ሌላ ኮምፒዩተር ይሞከር። ከውስጥ ከከፈተ ጥፋቱ ከውጭ ባለው መንገድ ላይ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ኮምፒዩተሩን መነካካት ምንም አይፈይድም ነበር። ከውስጥም እምቢ ካለ ግን ኮምፒዩተሩን እንፈትሽ።

ሦስተኛ፣ አስተናጋጁ። የዊንዶውስ ሆም እትም በሪሞት ዴስክቶፕ ከሌላ ቦታ አይከፈትም፤ ፕሮ ያስፈልጋል። ሀይፐር-ቪ ላይ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፡- እንግዶቹ ይከፈታሉ፣ አስተናጋጁ ግን የለም። ይህ የሚሆነው ቨርቹዋል ስዊች ሲሠራ ኔትወርክ ካርዱ ለእንግዶቹ ብቻ ተሰጥቶ አስተናጋጁ እንዲጋራው ሳይፈቀድ ሲቀር ነው። ቢፈቀድም ዊንዶውስ አዲሱን መስመር እንደ ሕዝብ ኔትወርክ ቆጥሮት ፋየርዎሉ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

አራተኛ፣ እንግዳው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ "ናት" በሚባለው አሠራር ያለ እንግዳ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ አይታይም። "ብሪጅድ" ሲደረግ ግን የራሱን አድራሻ ያገኛል። ሌላም አለ፡- ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበት በር ቁጥር 3389 ነው። የቨርቹዋልቦክስ የራሱ የርቀት ማሳያም ካልተቀየረ ይህንኑ ቁጥር ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ አድራሻ አንድ በር ሊካፈሉ ስለማይችሉ የአንዱን መቀየር ግድ ነው።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃል ጠይቆ ከከለከለ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ቀሪው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ተጠቃሚው ለሪሞት ዴስክቶፕ ከተፈቀደላቸው መካከል ይሁን፤ የይለፍ ቃል የሌለው አካውንትም ዊንዶውስ በርቀት አያስገባም።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ሲቸግር ብዙ ሰው ፋየርዎሉን አጥፍቶ፣ ራውተሩ ላይ 3389ን ለዓለም ከፍቶ "ሠራ!" ይላል። መሥራቱንስ ሠራ፤ ለማን ነው የተከፈተው? በግንቦት 2011 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት "ብሉኪፕ" ለተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ መጠገኛ ሲያወጣ፣ ድጋፉን ላቆመለት ኤክስፒ ጭምር ነበር ያወጣው። ቀዳዳው ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ስለነበር ነው። በእኛ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የቤት ሥራ ብቻ አይደለም። ስሜ አይጠቀስ ብሎ ያነጋገረን ሰው ድምፅም አለበት። ስለዚህ ከውጭ ስንገባ በቪፒኤን እንግባ፤ ለሙከራ ያጠፋነውንም ፋየርዎል መልሰን እናብራ።

ለማጠቃለል ያህል፣ መብራት፣ መስመር፣ አስተናጋጅ፣ እንግዳ፣ ፈቃድ ብለን በተራ ከሄድን አብዛኛውን ችግር እናገኘዋለን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን እንሞክር፤ ያለዚያ ቢሠራም በምን እንደሠራ አናውቅም። ቸር ይግጠመን!